ከሞት የተረፈ ሰው ስም

አሜሪካዊው ዊልያም ስሎፐር ታይታኒክ በኤፕሪል 1912 (እ.ኤ.አ.) ስትሰጥም ከተረፉት ወንዶች አንዱ ነው። የወጣው ከሁሉ ቀድማ ወደ ባሕር በወረደችው 7 ቁጥር ጀልባ ነበር፤ በዚያ ምሽት አብራው ካርታ ስትጫወት ያመሸችው የፊልም ተዋናይት ዶሮቲ ጊብሰን ካልገባህ ብላ ወትውታው ገባ። ጀልባዋ 65 ሰው የምትይዝ ስትሆን ግማሽ እንኳ ሳትሞላ ነው የሄደችው፤ የቀማው የማንም ቦታ አልነበረም። ኒውዮርክ ሲገባ ግን አንድ ጋዜጣ የሴት ልብስ ለብሶ አመለጠ ብሎ ጻፈበት።

«ሴቶችና ሕፃናት ይቅደሙ» የሚለው ትእዛዝ በመርከቧ ላይ አንድ ዓይነት አፈጻጸም አልነበረውም። በግራ በኩል መኮንኑ ላይቶለር ወንድ አላሳፍርም አለ፤ በቀኝ በኩል ሌላው መኮንን መርዶክ በአቅራቢያው ሴት ካላየ ወንዱን ያሳፍር ነበር። የስሎፐር ጀልባ የቀኙ ነበረች።

ታዲያ ወሬው ለምን ታመነ? 1,500 ያህል ሰው አልቋል። ሐዘንተኛ «የእኔው ሞቶ ይህ ለምን ተረፈ?» ይላል። እውነተኛው መልስ፣ የቆመበት ጎንና የካርታ ጓደኞቹ፣ ለሐዘንተኛ ስድብ ይመስላል። ቀሚስ የለበሰ ፈሪ ግን የሚጠላ ሰው ይሰጠዋል፤ ዕጣ ያመጣውን ነገር ወንጀለኛ ያበጅለታል። በእርግጥ የሚመስል ነገር አልጠፋም፤ ዳንኤል በክሊ የተባለ አየርላንዳዊ ወጣት ጀልባ ውስጥ ሳለ አንዲት ሴት ሻሏን ጣል እንዳደረገችበት ለአሜሪካ ሴኔት መርማሪዎች ራሱ መስክሯል። ይህ ግን የበክሊ እንጂ የስሎፐር ታሪክ አይደለም።

ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ስም ያጠፋ ሰው ንብረት እንደ ወሰደ ሰው የመመለስ ግዴታ አለበት ሲል አስተማረ። ሥርዓቱ ትክክል ቢሆንም ለጋዜጣ ዘመን ይጠባል፤ ወሬውን የነዛው አንባቢውን ሁሉ አግኝቶ ማስተባበል አይችልም። ተበዳዩም ቢሆን እጁ የታሰረ ነው። ክስ ቢመሠርት ወሬውን ላልሰማው ያሰማል፤ ለማስረጃ የሚያቀርበው በሕይወት መኖሩ ደግሞ ራሱ የተከሰሰበት ነገር ነው። ስሎፐር ምክር ሰምቶ አልከሰሰም፤ የራሱን ቃል ያሰፈረው በ1949 (እ.ኤ.አ.) ስለ አባቱ በጻፈው መጽሐፍ ነው። ዝምታውን እንደ ማመን የቆጠሩት ተሳስተዋል።

የታልሙድ ሊቃውንት ሐሜት ተናጋሪውን፣ ሰሚውንና የሚታማውን ይገድላል ማለታቸው ለዚህ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል፤ ጋዜጣው መመለስ ያልቻለውን ስም ከመቀማት ሊያተርፍ የሚችለው፣ ሲነገረው የማይቀበል ሰሚ ነበርና።