ስለ ትንሽ አውሬና ስለ ትንሽ ጥይት

ሰው ስለ ታላላቅ በደሎች ሲጠየቅ መልስ አያጣም፤ ስለ ትናንሾቹ ግን የሚጠይቀው እንኳ አያገኝም። ሽኮኮ የሚያድን ሰው ከሱቅ ገብቶ ይህን ጥይት ትቶ ያንን ሲያነሣ ነገሩ የዋጋና የልማድ ይመስለዋል፤ የሕሊናም ነው ቢሉት ይስቃል። ዳሩ ግን አውሬው ባንድ ቅጽበት ይሙት ወይስ ቈስሎ በዛፍ ሽንቁር ውስጥ እስከ ማታ ሲጨነቅ ይዋል የሚለው ፍርድ እኩሌታው የሚቈረጠው ቃታ ሲሳብ ሳይሆን አስቀድሞ ጥይቱ ሲመረጥ ነው።

በመጀመሪያ ስሙን መለየት ይገባል። ባማርኛ ሽኮኮ የሚባሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ጅራት የሌለው የዓለት ነዋሪ፣ በግዕዝ ግሔ የተባለው፣ ዳዊትም በ103ኛው መዝሙር ዓለቱን መሸሸጊያው አድርጎ ያነሣው ነው፤ ሁለተኛው ባለ ረጅም ጅራት ሆኖ በዛፍ ላይ የሚሮጠው ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን በ11ኛው ምዕራፍ ከማይበሉት የቈጠረው የፊተኛውን ነው፤ የኋለኛውም የተሰነጠቀ ሰኮና የሌለው፣ የማያመሰኳም ስለሆነ በዚያው ሕግ ከማዕድ ውጭ ነው። እንግዲህ ይህን ሕግ የሚጠብቅ ክርስቲያን ሽኮኮ ቢገድል ስለ እህሉ ወይም ስለ ጨዋታ እንጂ ስለ ራቱ አይደለም፤ ሳይበሉት የሚያጠፉት ነፍስ ደግሞ ከሚበሉት ይልቅ ብርቱ ምክንያት ይፈልጋል።

በሌላው ዓለም ለዚህ አደን የተለመደው ጥይት ስፋቱ 5.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የሚቀጣጠለው ቅመም በቀለሁ ቂጥ መካከል ሳይሆን ዙሪያውን ባለው ጠርዝ ውስጥ ስለ ተቀመጠ መምቻው ጠርዙን ይመታል፤ ጠርዙም በምቱ እንዲደቅ ስስ መሆን ስላለበት ቀለሁ ብዙ ኃይል አይችልም። ዛሬ የሚታወቀው ዓይነት በአሜሪካ አገር በ1887 እ.ኤ.አ. ወጣ። የተለመደው እርሳስ 2.6 ግራም ያህል ይመዝናል። ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚሄደው ጸጥ ያለ ነው፤ ፈጣኑ በሴኮንድ ከ370 ሜትር በላይ ይጓዛል። ጫፉም ሁለት ዓይነት ነው፤ ድፍኑ ሥጋውን በስቶ ያልፋል፣ ጐድጓዳው ግን ሥጋ ሲነካ እየተከፈተ ቍስሉን ያሰፋል፤ ስለዚህ ምቱ ከራስ ቅል ዝቅ ቢል እንኳ ፈጥኖ ይገድላል። ደግሞም አንዱ ጠመንጃ የወደደውን ጥይት ሌላው ይጠላዋል፤ አስቀድሞ በወረቀት ዒላማ ላይ ሳይፈትን ወደ ጫካ የገባ ሰው ፈተናውን የሚያደርገው በአውሬው ሥጋ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በ1899 እ.ኤ.አ. በሔግ ከተማ የተሰበሰቡ መንግሥታት በሰው ሥጋ ውስጥ የሚከፈት ጥይት በጦርነታቸው እንዳይተኰስ ቃል ገብተዋል። ለሰው የተከለከለው ለሽኮኮ ምሕረት ነው ተብሎ ይመከራል ማለት ነው። ይህ ግብዝነት ነውን? አይደለም። የጦር ሕግ የሚፈልገው ወታደሩ ከሰልፍ እንዲወጣ እንጂ ሥቃዩ ያለ ጥቅም እንዲበዛ አይደለም፤ የቈሰለውንም የሚያነሣ ቃሬዛ፣ የሚያክም ሐኪም አለው። የቈሰለ ሽኮኮ ግን ሐኪም የለውም። ያው እርሳስ ለአንዱ ጭካኔ፣ ለሌላው ቸርነት የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ለሚበላው አደን ጉዳዩ ይከብዳል። ቆቅ ወይም ጅግራ የመታ ክርስቲያን ቢላዋውን ይዞ ይሮጣል፤ ነፍሷ ሳትወጣ በስመ አብ ብሎ ካልባረካት በክት ትሆንበታለችና። ፈጥኖ የሚገድል ጥይት ቢመርጥ ራቱን ያጣል፤ የሚያቈስል ቢመርጥ ራቱን አግኝቶ ወፏን ያሠቃያል። የመባረክ ሥርዓት ግን ደም የነፍስ ማደሪያ መሆኑን ለማክበር የቆመ ነው፤ ሥርዓቱን ለመፈጸም ብሎ ሆን ብሎ ማቍሰል ቃሉን ጠብቆ መንፈሱን መጣል ይሆናል። ባርኮ መብላት የሚሻ ሰው ጥይቱን ትቶ በሕይወት የሚይዝ መረብ ቢዘረጋ ሁለቱንም ይጠብቃል።

መረብና ጦር ደግሞ በካፋ ምድር የታወቁ ናቸው። በዋጫና በቦንጋ ዙሪያ ባለው አገር ማንጆ የተባሉት ሰዎች የጉሬዛና የከርከሮ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ለብዙ ዘመን ተንቀዋል፤ ከሌላው ሰው ጋራ በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ ተደርገዋል። ናቂው የመዘነው በአፍ የገባውን ነው፤ እንስሳው እንዴት እንደ ሞተ የጠየቀ የለም። በሐዋርያት ሥራ 10ኛ ምዕራፍ ጴጥሮስ በኢዮጴ ያየውን ራእይ የሚያነብ ካህን ይህን ንቀት በየትኛው ሚዛን ያጸድቀዋል? ሽኮኮ ለጨዋታ አቍስሎ የሄደ የከተማ ሰው ንጹሕ፣ ያደነውን ለልጆቹ ያበላ ርኩስ ሊባል አይገባም።

ሌላም ዕዳ አለ። እርሳስ መርዝ ነው፤ የተጣለውን ሬሳ የሚበላ ጥንብ አንሣ ፍንጣሪውን ይውጣል። ለሽኮኮው ቸር የሆነው ጐድጓዳ ጥይት ደግሞ ከድፍኑ ይልቅ ይፈነጥራል። ከመዳብ የተሠራ አለ፤ ዋጋው ግን ይከብዳል። የገደለውን የሚቀብር አዳኝ ይህን ዕዳ ባንድ ጉድጓድ ይከፍላል፤ የሚቀብር ግን ጥቂት ነው።

ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቍጥር 1177/2012፣ ያለ ፈቃድ ማደንም በአዋጅ ቍጥር 541/1999 የተከለከለ ነው፤ ፈቃድ ግን የሕሊናን ጥያቄ አይዘጋም። የካፋ ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል፤ በረጃጅሙም ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል ማር ቈራጭ አለ። ይህ ትንሽ የተባለ ጥይት ወደ ላይ ቢተኰስ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ሽኮኮው ከወፍራም ግንድ ጋራ ተጠግቶ ሲቀመጥ እርሳሱ በግንዱ ይቀራል፤ በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ሰማይ ከኋላው ሆኖ ሲታይ ግን ድፍኑም ጐድጓዳውም፣ ዝግተኛውም ፈጣኑም አይሆንም። እስኪወርድ ይጠበቃል።