በፈቃድ ስለሚደከም ድካምና ስለ ነጫጭ መንገዶች

አስፋልት የተነጠፈበት መንገድ በአጠገቡ ሳለ በጠጠርና በአቧራ መካከል ዳገት የሚወጣ ሰው ምን ይባላል? ተገዶ ቢኾን ኖሮ እናዝንለት ነበር፤ ደመወዝ ቢቀበልበትም ሠራተኛ እንለው ነበር። ነገር ግን ማንም ሳያዝዘው፤ እንዲያውም ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ ይህን ድካም ሲገዛ ፍርዱ ይከብዳል። ጥያቄው የጨዋታ ይመስላል፤ ወደ ውስጥ ሲገቡበት ግን የሰው ድካም ዋጋው ከምን እንደሚመጣ የሚጠይቅ ነው። አንባቢ ሆይ፤ ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ አገር ይዤ ልናገር።

በኢጣልያ፤ በፊሬንሴና በሲዬና ከተሞች መካከል፤ ክያንቲ የሚባል ኮረብታማ አገር አለ። በወይን ጠጁ የታወቀ ነው። የቶስካና ታላቅ መስፍን ሣልሳዊ ኮሲሞ በ1716 ዓ.ም. የወይኑን አገር ወሰን በዐዋጅ ከለለ (ዓመታቱን ኹሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። በ1872 ደግሞ የብሮሊዮ ጌታ ባሮን ቤቲኖ ሪካሶሊ ሳንጆቬዜ የሚባለው የወይን ዘር ለጠጁ ዋና እንዲኾን የአጠማመቁን ሥርዓት በደብዳቤ ጻፈ። ስሙን ሰምቶ ምድሩን ኹሉ ወይን የሞላው የሚመስለው ሰው ግን ይሳሳታል፤ ከአገሩ የሚበዛው ዱር ነው። ወይኑና ወይራው በኮረብታው ወገብ ላይ በመደዳ ቆሞ፤ በመካከሉ ነጭ መንገድ ይጠማዘዛል። ንጣቱ ከአገሩ የኖራ ድንጋይ የመጣ ነው። ሰዎቹ «ስትራዴ ቢያንኬ» ይሉታል፤ ነጫጭ መንገዶች ማለት ነው። እኛ ፒስታ የምንለው ዐይነት ነው። ይህ ቃል ራሱ ከእነርሱ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ጎማም ፍሬንም ካቴናም እንደዚሁ። ያ መንግሥት ወደ እኛ የመጣበት አመጣጥ ምን እንደ ነበረ አንባቢ ያውቀዋል፤ ቃሎቹ ግን ቀርተው ያገለግሉናል።

በእነዚህ መንገዶች ላይ መኪና እምብዛም አይገኝም፤ ስለዚህ ከብዙ አገር ሰዎች ብስክሌት ይዘው ይመጣሉ። የጠጠር መንገድ የራሱ ትምህርት አለው። ጎማው ሰፋ ያለ፤ ነፋሱም የቀነሰ ይኾናል። በዳገቱ ከመቀመጫው ተነሥቶ የሚረግጥ ሰው የኋላው ጎማ ይንሸራተትበታልና ተቀምጦ በትዕግሥት መርገጥ ይገባዋል። በቍልቍለቱም መታጠፊያው ላይ ደርሶ ፍሬን የሚይዝ ይወድቃል፤ አስቀድሞ ማብረድ፤ መሪውንም እንደ ጠላት አንቆ አለመያዝ ያስፈልጋል። ጕልበት ብቻ ያለው ሰው በዚህ ስፍራ ከሽማግሌ ኋላ ይቀራል።

በ1997 ጃንካርሎ ብሮቺ የሚባል ሰው፤ ጋዮሌ ከምትባለው የክያንቲ ትንሽ ከተማ የሚነሣ ጉዞ አቆመ፤ ስሙንም «ሌሮይካ» አለው፤ ጀግናዪቱ ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመት የወጡት 92 ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬ በሺሕ ይቈጠራሉ። የሚረዝመው መንገድ ከ200 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ብስክሌቱም የጥንት ዐይነት መኾን አለበት። የብሮቺ አሳብ ግን ከጨዋታ የሚያልፍ ነበር፤ ነጫጮቹ መንገዶች በአስፋልት ተሸፍነው እንዳይጠፉ የሚወዳቸው ሰው ይብዛላቸው ብሎ ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ፤ በ2007፤ የታወቁት እሽቅድምድመኞችም በዚያው አገር ጠጠር ላይ እየተወዳደሩ በሲዬና አደባባይ መጨረስ ዠመሩ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። እንጀራ አጥቶ የዋለ ሰውና እንጀራ ሳለው የጾመ ሰው በሆዳቸው አንድ ናቸው፤ በፈቃዳቸው ግን ይለያያሉ። አንዱ ችግረኛ፤ ሌላው ጾመኛ ይባላል። መምህሮቻችን ግን በዚህ አያቆሙም፤ ጾመኛው ያልበላው እንጀራ ወዴት ሄደ? ብለው ይጠይቃሉ። ለራበው ካልሰጠው ለማታ አስቀምጦታል ማለት ነውና። ብስክሌተኛውንም እንዲሁ ልንጠይቀው ይገባል፤ የተውኸው ምቾት ለማን ደረሰ?

መንገዱ ዳነ የሚል መልስ ይኖረዋል። መልካም ነው። ነገር ግን በመንገዱ ዳር የሚኖረው ሰው በደረቁ ወራት ከአቧራው የተነሣ መስኮቱን ዘግቶ ይቀመጣል፤ በዝናቡ ወራት ጭቃውን ይጠርጋል፤ ሌሊት ሕመምተኛ ቢኖርበት መኪናው ቀስ እያለ ይወርዳል። እርሱ አስፋልት ቢመኝ ውበት አያውቅም ብሎ የሚንቀው እንግዳ፤ ለአንድ ሳምንት ደስታው የሌላውን ሰው ዕድሜ የሚጠይቅ ነው። እኔ በዚህ ክርክር ከነዋሪው ወገን ነኝ፤ መንገዱ ነጭ ኾኖ ይኑር ከተባለም በነዋሪው ፈቃድ ይኹን።

ከዚህ የሚጠልቅ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ይህ ኹሉ ሰው የሚፈልገው ጸጥታ ከወዴት መጣ? ከ1950 በፊት በነዚህ መንገዶች ላይ ጸጥታ አልነበረም። በየኮረብታው ባለው የድንጋይ ቤት እኩል አራሽ ከነቤተ ሰቡ ይኖር ነበር፤ መሬቱ የጌታው፤ ጕልበቱ የገበሬው፤ ፍሬው ለኹለት ይከፈል ነበር። «ሜዛድርያ» ይሉታል፤ በእኛም አገር በእኩል ማረስ የታወቀ ስለ ኾነ ትርጓሜ አያሻውም። ትልልቅ ነጫጭ በሬዎች ጋሪ ይስቡበት፤ ሴቶች ወደ ገበያ፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይሄዱበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ኻያ ዓመታት ውስጥ ልጆቹ ወደ ከተማ፤ ወደ ፋብሪካ ወረዱ። በ1964 የወጣው ሕግ አዲስ የእኩል ውል ከለከለ፤ ያን ጊዜ ግን ብዙው ቤት ተዘግቶ ነበር። በኋላ ባለጠጎችና የውጭ አገር ሰዎች ገዝተው አደሱት።

መሄዳቸው ክፉ ነበር አልልም። ከእኩሌታው ቀንበር የወጣ ሰው ወደ ኋላው ተመልሶ እንዲናፍቅ ማን ይፈርድበታል? በቅኔ ቤት አነጋገር ጸጥታው ሰም ቢኾን ወርቁ የሄዱት ሰዎች ናቸው፤ ሰሙን ብቻ ይዞ የሚመለስ ብስክሌተኛ ግማሹን ሳይሰማ ተመልሷል። ምግቡንም እዩት። በጉዞው ማረፊያ ላይ ከወይን ጠጁ ጋራ «ሪቦሊታ» ይቀርባል፤ የደረቀ ዳቦ ከባቄላና ከጎመን ጋራ ዳግመኛ የፈላበት ነው፤ በአሳቡ ለፍርፍራችን ዘመድ ነው። ገበሬው ሌላ ስላልነበረው ይበላው ነበር፤ እንግዳው ሌላ ስላለው ይበላዋል።

እንዲህም ኾኖ ይህን ድካም ከንቱ ነው ለማለት አልደፍርም። ባለጸጋ የወደደውን ብስክሌት ይገዛ ይኾናል፤ ዳገቱን የሚወጣለት ሰው ግን ሊቀጥር አይችልም። በመኪና ያለፈ ሰው ኮረብታውን በዐይኑ ያውቀዋል፤ በእግሩ የረገጠ ግን ያ ገበሬ ጭኖ የወጣው ሸክም ምን ያህል ይከብድ እንደ ነበረ ጕልበቱ ይነግረዋል፤ መጠየቅ የሚወድ ከኾነ።

ደግሞም በውጭ አይተን የምንፈርደው ፍርድ ስሕተት ሊኾን ይችላል። በ1914 በፊሬንሴ አጠገብ የተወለደው ጂኖ ባርታሊ በ1938ና በ1948 የፈረንሳይን ታላቅ ውድድር ያሸነፈ ነው። ጀርመኖች አገሩን በያዙበት ጊዜ፤ በ1943ና በ1944፤ ለተሸሸጉት አይሁድ የተዘጋጀ የሐሰት መታወቂያ ወረቀት በብስክሌቱ ቱቦ ውስጥ ደብቆ በፊሬንሴና በአሲዚ መካከል ይመላለስ እንደ ነበረ ይነገራል፤ ስለዚህም ሥራ በ2013 ያድ ቫሼም ከጻድቃነ አሕዛብ ቈጥሮታል። በኬላው ለቆመው ወታደር የታወቀው እሽቅድምድመኛ ልምምድ ላይ ያለ ይመስለው ነበር። አስቀድሞ ብዙ ዓመት ማንም ሳያዝዘው ባይደክም ኖሮ በዚያች ቀን እግሩ ባልታዘዘለትም ነበር። ነገር ግን ይህን ምሳሌ ለራሱ የሚጠቅስ ይጠንቀቅ፤ የብዙዎቻችን ቱቦ ባዶ ነው።

የሌሮይካ ቀን በጥቅምት መባቻ እሑድ ይውላል። ወይኑ የሚለቀምበት ወራት ገና አላለቀም፤ ከለቃሚዎቹም ብዙዎቹ ዛሬ ከሩቅ አገር ለቀን ደመወዝ የመጡ ናቸው። በጠባቡ መንገድ ላይ ዘለላ የሞላ ጋሪ የሚጎትት ትራክተር ከታች ሲመጣ፤ ብስክሌተኛውም ከላይ ሲወርድ፤ ለኹለቱ የሚበቃ ስፍራ የለም። በዚያ ጊዜ የሚወርደው ሰው አስቀድሞ አብርዶ፤ ከብስክሌቱ ወርዶ፤ ወደ ቦዩ ይግባና ባርኔጣውን አንሥቶ ያሳልፋቸው።