አንዱ ሳይረጋ ሌላውን አትጨምሪ

ልጄ፣ ለሠርግሽ ፊትሽን ልትሠሪ ቀጠሮ መያዝሽን ነገሩኝ። ቦቶክስ፣ ፊለር፣ ከራስሽ ደም የሚዘጋጀው ፒአርፒም ተጨምሮ፣ ሦስቱም በአንድ ቀን፣ በቅናሽ። አልቆጣሽም። ፊትሽ የራስሽ ነው፤ ማማርም ነውር አይደለም። ችኮላው ግን አሳሰበኝ። አንቺ የእናትሽን መድኃኒት ወረቀት እስከ መጨረሻው አንብበሽ የምታስረጃት ልጅ ነሽ። ለራስሽም እንደዚያው አንብቢ።

የመርፌዎቹ ሥራ ለየቅል ነው። ቦቶክስ ነርቭ ለጡንቻ የሚልከውን መልእክት ይገታል፤ ጡንቻው ሲላላ በቅንድብሽ መካከል ያለው መስመር ይለሰልሳል። ፊለር ጡንቻ አያላላም፤ የጎደጎደውን ይሞላል። ለፒአርፒ ደግሞ ደምሽ ተቀድቶ በማሽን ይሽከረከራል፤ ፕሌትሌት የበዛበት ክፍል ተለይቶ ወደ ቆዳሽ ይመለሳል። ውጤቱ ከሰው ሰው ይለያያል።

ጊዜያቸውም አንድ አይደለም። ቦቶክስ በጥቂት ቀን መሥራት ቢጀምርም ሙሉ መልኩ የሚታየው በ2 ሳምንት ገደማ ነው፤ ከ3 እስከ 4 ወርም ይቆያል። ፊለር ግን እንደ ዓይነቱ ከግማሽ ዓመት እስከ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይሰነብታል።

የተካነ ሐኪም አንዳንዱን አጣምሮ በአንድ ቀን ሊሠራ ይችላል፤ ይህን አልክድም። አንቺ ግን ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ልትወጊ ነው። ፊትሽ ቢያብጥ ወይም ቢጎረብጥ፣ ከየትኛው መርፌ እንደመጣ ማን ይነግርሻል? ደግሞስ ቦቶክሱ ብቻውን ቢበቃሽ? ወጥ ላይ ጨው ቀስ እያሉ ነው የሚጨምሩት፤ አንዴ ከበዛ ማን ያወጣዋል። አንዱን ተወጊ፣ ይርጋ፣ በመስታወት እዪው፣ ከዚያ ስለሚቀጥለው አስቢ።

ሐኪሙንም ሳታፍሪ ጠይቂ፤ «ካልወደድኩት ይመለሳል ወይ?» በዪው። ሃያሉሮኒክ አሲድ ያለው ፊለር ሃያሉሮኒዴዝ በሚባል መድኃኒት ይሟሟል። ስካልፕትራና ራዲየስ የሚባሉት ፊለሮች ግን በዚህ መድኃኒት አይሟሙም። ቦቶክስም ቢሆን ጊዜው እስኪያልፍ መጠበቅ ነው።

አሁን የምነግርሽን አደራ ልብ በዪው። ፊለር ሳይታሰብ የደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳን ሊገድል፣ የዐይንን ብርሃንም ሊያጠፋ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ግን ይደርሳል። በቅንድቦች መካከልና አፍንጫ ላይ ሥጋቱ ይብሳል። ከተወጋሽ በኋላ ከባድ ሕመም ቢሰማሽ፣ ቆዳሽ ቢነጣ ወይም ቢዥጎረጎር፣ ዐይንሽ ቢደበዝዝ፣ ነገ አትበዪ፤ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ሂጂ። በእኛ ቆዳ ላይ ንጣቱ ቶሎ ላይታይ ይችላልና ሕመሙን አትናቂው። እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ምን እንደሚያደርጉና ማሟሟቻው በእጃቸው መኖሩን አስቀድመሽ ጠይቂ። መልስ የሌለው ቤት አይሁንሽ።

ርካሹ ዋጋም ያስፈራኛል፤ ፈቃድ የሌለው ቤት እንዳይሆን። በኒው ሜክሲኮ አልበከርኪ፣ ፈቃድ በሌለው ስፓ ከራሳቸው ደም የሚዘጋጀውን ፒአርፒ ፊታቸው ላይ ያሠሩ ሴቶች በኤችአይቪ ተይዘዋል። ስፓው እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘጋ፤ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2024 ዝርዝሩን አወጣው። በዚያው በ2024 በተለያዩ የአሜሪካ ግዛቶች ሐሰተኛ ቦቶክስ የተወጉ ሰዎች ታመዋል፤ ሆስፒታል የተኙም ነበሩ። ስለዚህ የሚወጋሽን ሰው ፈቃድ እዪ። ብልቃጡም መርፌውም እያየሽ ይከፈት። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

አንድ ነገር እንዳትደብቂ ደግሞ እለምንሻለሁ። ከእኛ ሴቶች ብዙዎች ፊት የሚያቀላ ቅባት ይቀባሉ፤ አንዳንዱ ስቴሮይድ አለበት፣ ቆዳንም ያሳሳል። ተቀብተሽ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው። ጠባሳሽ አብጦ የሚቀር ከሆነም ንገሪው። እርግዝና ካለ፣ ወይም ከጠረጠርሽ፣ ቦቶክሱም ፊለሩም ይቆዩ።

ሠርግሽ ገና ነው፣ ልጄ፤ ጊዜ አለሽ። ነገ ደውይና ቀጠሮውን ለምክር ብቻ አድርጊው። ከወሰንሽ በአንዱ ጀምሪ፤ ሠርጉ አንድ ወር ሲቀረው ግን አዲስ መርፌ የሚባል ነገር አይኑር። የሚያስፈርሙሽን ወረቀት ከመፈረምሽ በፊት ወደ እኔ አምጪው፤ ቁጭ ብለን አብረን እናነበዋለን።