ሙያ በልብ ነው
ስለ ምግብ ፋብሪካ የጥገና ለማጅና ስለ ኅሊናው



«ሙያ በልብ ነው» የሚለውን ብሂል ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ሳይሠራ የሚያወራውን ሰው ለመገሠጽ ነው። ብሂሉ ግን ከዚህ የጠለቀ ጥያቄም ይዟል። ሙያ በልብ ከሆነ፣ እጁ ብቻ የሠለጠነ ሰው ባለሙያ ሊባል ይችላልን? ብሎን ማጥበቅን፣ ቺንጋ መወጠርን፣ ኩሽኔታ መለወጥን ጠንቅቆ የተማረ ወጣት፣ ማንም በማያየው ቦታ በታማኝነት መሥራትን ካልተማረ ሥልጠናው ተፈጽሟል እንላለንን? ይህን ጥያቄ የምናነሣው በአንድ ሙያ ላይ ተመሥርተን ነው፤ ይኸውም በምግብ ፋብሪካ ውስጥ የመሣሪያ ጥገናን የሚማር ለማጅ ሙያ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኮምቦልቻ ሲደርስ የፋብሪካ ከተማ ይቀበለዋል። በዚያ ስንዴ ይፈጫል፣ ቢራ ይጠመቃል፣ ጥጥ ይፈተላል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። በደሴ በእቴጌ መነን እናት በወይዘሮ ስኂን ስም የሚጠራው ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ፣ በኮምቦልቻም ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወጣቶችን ያስተምራሉ። በአገራችን የትብብር ሥልጠና በተባለው ሥርዓት መሠረት፣ ሠልጣኙ ከሥልጠናው ጊዜ 70 በመቶ የሚሆነውን በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶውን በኮሌጅ እንዲያሳልፍ ታስቧል። እንግዲህ የብዙ ልጆቻችን እጅም ኅሊናም የሚቀረጸው ከመማሪያ ክፍሉ ይልቅ በፋብሪካው ወለል ላይ ነው ማለት ነው።

የቆየው ንቀት

ቀድሞ በእጁ ሥራ የሚኖር ሰው በአገራችን ይናቅ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ብረት ቀጥቃጩ ማረሻውን፣ ሸክላ ሠሪዋ ምጣዱን እያቀረቡ፣ እነርሱ ራሳቸው ግን ከጋብቻና ከማኅበር ይገለሉ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሥራቸው ምክንያት መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም፣ ለዘመናት የኖረ ንቀት በአንድ አዋጅ አልጠፋም። ዛሬም መልኩን ለውጦ በመካከላችን ይገኛል። ልጃቸው ወደ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ወደ ሙያ ኮሌጅ ሲመደብ አንገታቸውን የሚደፉ ወላጆች ጥቂት አይደሉም። ልጁም ራሱን በዚያው ሚዛን ይመዝናል። ራሱን የናቀ ሰው ደግሞ ሥራውን ሊያከብር ይቸግረዋል።

ጌታችን ራሱ በናዝሬት በአንድ አናጢ ቤት አድጎ ያንኑ ሥራ የሠራ መሆኑን ለምናስተምር ለእኛ ይህ ንቀት ሊያሳፍረን ይገባል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1955 የሠራተኛውን የቅዱስ ዮሴፍን በዓል የሠራተኞች ቀን በሚከበርበት ዕለት እንዲውል አድርገዋል። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት፣ የሥራ ክብር መነሻው የሥራው ዓይነት ሳይሆን ሠሪው ሰው መሆኑን አስረድተዋል። ሆኖም ክብር ያለ ኃላፊነት አይገኝም። ስለዚህ ለማጁ የሚሸከመው ኃላፊነት ምን እንደ ሆነ ቀረብ ብለን እንመልከት።

የማይታይ ሥራ

የግንበኛ ሥራ ይታያል፤ የሸማኔም ሥራ ይለበሳል። የጥገና ሠራተኛ ምርጥ ሥራ ግን አንድ መጥፎ ነገር ሳይደርስ መቅረቱ ነው። መሣሪያው ሳይሰበር ሲውል፣ ማንም ሳይጎዳ ፈረቃው ሲያልቅ፣ ዱቄቱ ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ፣ ማንም ጠጋኙን አያስታውሰውም። ሲበላሽ ግን በመጀመሪያ የሚጠራው እርሱ ነው። በዚህም ምክንያት ሙያው ከብዙ ሙያዎች ይልቅ ለስንፍናም ለታማኝነትም ክፍት ነው።

የዱቄት ፋብሪካን ምሳሌ እንውሰድ። ስንዴው ከጎተራ ወጥቶ ከአፈርና ከጠጠር ይጠራል፤ የብረት ስብርባሪ እንዳያልፍም ማግኔት ተቀምጦለታል። ከዚያም ጥንድ ጥንድ ሆነው በሚዞሩ የብረት ሮለሮች መካከል ይፈጫል፤ በተደራረቡ ወንፊቶችም ይነፋል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ጠጋኙ ብቻ የሚያውቃቸው ስፍራዎች አሉ። አንድ ሮለር ተፈትቶ ከተገጠመ በኋላ መፍቻዎቹና ብሎኖቹ ተቆጥረዋልን? ማግኔቱ ላይ የተከማቸው ብረት ተጠርጓልን? ለኩሽኔታው የተጨመረው ግሪስ ከምግብ ጋር ቢነካካ የማይጎዳው ዓይነት ነውን ወይስ እጅ ላይ የተገኘው? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በብዙው የሚገኘው በአንድ ሰው ኅሊና ውስጥ ብቻ ነው።

ቸልተኝነት ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል የሌሎች አገሮች ታሪክ ይመሰክራል። በአሜሪካ በሚኒያፖሊስ ከተማ የነበረው ዋሽበርን የተባለ ታላቅ ወፍጮ እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1878 ፈንድቶ 18 ሰዎች ሞተዋል። የፈነዳው ባሩድ አልነበረም፤ በአየር ላይ የተንሳፈፈ የዱቄት ብናኝ ነበር። ለቤት እናት ዱቄት የዋህ ነገር ነው፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ በኖ እሳት ሲያገኝ ግን ሕንፃ ያፈርሳል። ግሪስ አጥቶ የጋለ አንድ ኩሽኔታ ለዚህ ዓይነቱ አደጋ መነሻ ሊሆን ይችላል። ኩሽኔታውን በእጁ ዳስሶ፣ ድምፁን አዳምጦ በጊዜ የለወጠ ለማጅ የስንት ሰው ሕይወት እንዳተረፈ ራሱም አያውቀውም።

ከዚህም የረቀቀ ምሳሌ አለ። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የስንዴ ዱቄት እንደ ፎሊክ አሲድ ያሉ ንጥረ ነገሮች እንዲጨመሩበት አስገዳጅ ደረጃ ወጥቷል። ፎሊክ አሲድ እናት ከመፅነሷ በፊትና በፅንሱ የመጀመሪያ ሳምንታት ካገኘችው፣ የሕፃኑ ኅብለ ሰረሰርና አንጎል ጎድሎ እንዳይፈጠር ይረዳል። ንጥረ ነገሩን ወደ ዱቄቱ የሚያንጠባጥበው አንድ ትንሽ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ከተደፈነ ወይም ልኩን ከሳተ ዱቄቱ በመልኩም በጣዕሙም አይለወጥም፤ ዳቦውም ያው ዳቦ ነው። ልዩነቱ የሚገለጠው ከወራት በኋላ፣ ምናልባትም በሩቅ ገጠር፣ የፋብሪካውን ስም ሰምታ በማታውቅ እናት ቤት ነው። ያን መሣሪያ በየፈረቃው የሚመዝንና የሚያስተካክል ለማጅ ገና ያልተወለደ ሕፃን ባለ ዕዳ ነው።

ለማጁና አለቃው

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ አንድ ለማጅ በሐሳባችን እንሣል። ወንፊቱ መቀደዱን፣ ከሽቦውም ጥቂት መጉደሉን አየ። ለአለቃው ሲነግር፣ «እስከ ጠዋት ይይዛል፤ ዝጋና አስነሣው» ተባለ። ምን ያድርግ?

አለቃው የግድ ክፉ ሰው አይደለም። መኪኖች ደጅ ቆመው ይጠብቃሉ፤ የፈረቃው ሠራተኛ ጉርሻ በምርቱ ይለካል፤ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቀናት ይፈጃል፤ ገበያው ዱቄት ይፈልጋል። ለማጁም ታዛዥነትን በቤቱ ተምሯል፤ ታላቅን መቃወም ነውር እንደ ሆነ ያውቃል። ከዚህም በላይ የሥልጠና መዝገቡ ላይ የሚፈርምለት ያው አለቃ ነው። እንግዲህ «ኅሊናህን ተከተል» ብሎ በቀላሉ መምከር ሸክሙን በሙሉ በደካማው ትከሻ ላይ መጫን ይሆናል።

ነገሩን በሦስት ከፍሎ ማየት ይረዳል። የመጀመሪያው መሣሪያውን ብቻ የሚመለከት ጉዳይ ነው። ቺንጋው ዛሬ ይለወጥ ወይስ ነገ፣ ሞተሩ ይጠገን ወይስ ይተካ የሚለው ክርክር የገንዘብና የልምድ ነው፤ በዚህ ለማጁ ሐሳቡን ገልጦ ቢታዘዝ ትክክል ነው። ጉዳቱን የሚሸከመው ያዘዘው ነውና። ሁለተኛው የሠራተኛን አካል የሚመለከት ነው። ኃይሉ ሳይቋረጥና ማብሪያው ሳይቆለፍ እጅን ወደ ሮለር መስደድ የሚጠይቅ ትእዛዝ የማንም ሥልጣን አይደለም፤ የሰው እጅ የፋብሪካ ንብረት አይደለምና። ሦስተኛው የሚበላውን ሰው የሚመለከት ነው፤ የተቀደደው ወንፊት የዚህ ወገን ነው። የሽቦ ስብርባሪ ያለበት ዱቄት ወደ ገበያ ቢወጣ አደጋው የአለቃውም የለማጁም አይደለም፤ የሚደርሰው በዚያ ሌሊት በፋብሪካው በሌለ፣ ባልተጠየቀ፣ «እሺ» ወይም «እምቢ» ማለት ባልቻለ ሰው ላይ ነው።

ዋናው ነጥብ ይህ ነው። ሰው የራሱን ኪሳራ ሊቀበል ይችላል፤ የሌላውን ጉዳት ግን በእርሱ ፈንታ ሊቀበልለት አይችልም። ስለዚህ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጉዳይ መታዘዝ የታላቅ አክብሮት አይሆንም፤ የሌለውን ሰው አሳልፎ መስጠት ነው።

እምቢታውም ቢሆን ሥርዓት አለው። ለማጁ መጮኽም መሳደብም አያሻውም። «ጋሼ፣ ወንፊቱ ጎድሏል፤ ሽቦው ወደ ዱቄቱ ገብቶ ይሆናል፤ እኔ ላስነሣው አልችልም፤ በመዝገቡም ጽፌዋለሁ» ማለት ይበቃል። መዝገብ የድኻ ምስክር ነው፤ ያየውን በሰዓቱና በቀኑ የጻፈ ሰው ነገ እውነቱን ለማስረዳት አይቸገርም። ይህ ምክር ግን ዋጋ እንደማያስከፍል አድርገን ልንናገር አይገባም። ከሥልጠናው ሊባረር ይችላል። ስለዚህም የሚበልጠው ዕዳ በሥራ አስኪያጁና በአለቃው ላይ ነው፤ አንድን የ18 ዓመት ልጅ በእንጀራውና በኅሊናው መካከል ማቆም በራሱ በደል ነው። ጥሩ ፋብሪካ ማለት ለማጁ ጀግና መሆን ሳያስፈልገው እውነትን መናገር የሚችልበት ቦታ ነው።

የአሠልጣኙ ዕዳ

ሌላም ዝም የምንለው ነገር አለ። አንዳንድ ነባር ባለሙያዎች እውቀታቸውን ይሸሽጋሉ። ለማጁ ወለል ሲጠርግና ሻይ ሲያመላልስ ወራት ያሳልፋል፤ ዋናው ብልሽት ሲመጣ «ዞር በል» ይባላል። ነባሩ የሚፈራው ቦታውን እንዳይነጠቅ ነው፤ ፍርሃቱም ኑሮ ካስተማረው ሰው የሚጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ እርሱም የሚያውቀውን ያገኘው ከሌላ ሰው እጅ ነው። የተቀበለውን እውቀት ይዞ መቃብር የሚወርድ ሰው የራሱን ሳይሆን የአደራ ገንዘብ ቀብሯል።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ያላስተማሩትን እንዳስተማሩ አድርጎ መፈረም ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ስለ ለማጆች ድንጋጌዎችን ይዟል፤ ኮሌጆችም የሥልጠና መዝገብ ያዘጋጃሉ፤ የብቃት ማረጋገጫ ምዘናም አለ። ወረቀት ግን እውነት የሚሆነው ፈራሚው እውነተኛ ሲሆን ነው። አንድ ኩሽኔታ ነቅሎ ላላየ ልጅ «በሚገባ ሠልጥኗል» ብሎ መፈረም ለልጁ ቸርነት ይመስላል፤ ነገር ግን በሐሰት መመስከር ነው፤ የሚጎዳውም በመጀመሪያ ያው ልጅ ነው።

ያልተዘረፈው ሀብት

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳረሰ፤ ከተሞቹ እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስ በመከራ ውስጥ ቆዩ። ብዙ ሰው ሞተ፣ ተሰደደ፤ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም ተዘረፉ፣ ተጎዱም። ሕዝቡ ሲመለስ በየፋብሪካው የጠበቀው የጎደለና የተሰባበረ መሣሪያ ነበር። ሞተር ይነቀላል፣ ሽቦ ይቆረጣል፣ መጋዘን ይራቆታል። በሰው ልብና እጅ ያደረ ሙያ ግን በመኪና ተጭኖ አይሄድም። ወፍጮን ዳግም ለማስነሣት ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የትኛው ብሎን ወዴት እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ነው። ያን እውቀት ለአምስት ለማጆች ያካፈለ ባለሙያ ከተማውን ለክፉ ቀን አዘጋጅቷል፤ የሸሸገውም በሰላሙ ቀን ሳለ ከተማውን አራቁቷል።

እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ስለ ኅሊና ስታስተምሩ ምሳሌያችሁ ሁልጊዜ ስለ ሌብነትና ስለ ስካር ብቻ አይሁን። በፊታችሁ ከተቀመጡት ወጣቶች መካከል በማግስቱ የሥራ ልብሱን ለብሶ ወደ ፋብሪካ የሚሄድ፣ የምትሄድም አሉ። ማግኔት መጥረግ፣ ብሎን መቁጠር፣ ያዩትን በመዝገብ መጻፍ የጽድቅ ሥራ መሆኑን ንገሯቸው። ወላጆችም ልጃችሁ ማታ ሲገባ ስንት እንደተከፈለው ብቻ ሳይሆን ምን እንደ ተማረ ጠይቁት። በኃላፊነት ላይ ያላችሁም ለማጁ «ይህ ትክክል አይደለም» ሲላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ሄዳችሁ ወንፊቱን እዩ።

ዛሬ ማታ በየቤታችን የምንቆርሰው ዳቦ ፊቱን አይተን በማናውቀው ሰው እጅ አልፎ የመጣ ነው። ያ ሰው ባያየንም አስቦልን እንደ ሆነ ያለ ስጋት እንቆርሳለን። ሙያ በልብ ነው መባሉም ስለዚህ ነው።