ቁልፉን ከማዞርህ በፊት

ልጄ፣ አይሱዙህን ከቆመችበት ልታስነሳት መሆኑን ሰማሁ። እሰየው። መንገድ ሲዘጋ፣ ነዳጅ ሲጠፋ፣ ጭነት ሲነጥፍ መኪናን ግቢ አስገብቶ ማቆም የብልህ ሥራ ነው። በ2013 ማብቂያ ጦርነቱ ዳባት ጭና ድረስ ሲመጣ፣ ኋላም ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ በዚህ አገር ስንቱ ባለመኪና ጎማውን በድንጋይ ደግፎ እንደተቀመጠ አብረን አይተናል። ለቆመ መኪና አረቦን አልከፍልም ብለህ ኢንሹራንሱን ሳታሳድስ መቅረትህንም አልነቅፍም። ያሳሰበኝ ሌላ ነው።

«ጎንደር ነድቼ ልውሰዳትና ኢንሹራንሱንም ቦሎውንም እዚያው ጨርሼ እመለሳለሁ» ብለሃል አሉ። አዬ ልጄ! የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሐል ላይ ዳባት አለ፣ አምባ ጊዮርጊስ አለ፤ በገበያ ቀን አህያው፣ በጉ፣ ጤፍ የተሸከመው ሰው አስፋልቱን ሞልቶ ይሄዳል። መኪናዋ ደግሞ ቆማ የከረመች ናት። ፍሬኗ እንዴት እንደሚይዝ አታውቅም፤ ሽቦዋን አይጥ በልቶት እንደሆነም አላየህም። መድን የሌለበት የመጀመሪያው መንገድህ በዚህች መኪና ሊሆን ነው?

አንድ ሰው ብትነካ ምን እንደሚሆን ልንገርህ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081፣ ባለመኪና ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰችው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ያልፈቀድክለት ሰው ቢነዳት እንኳ ተጠያቂው አንተ ነህ፤ ተሰርቃ እንደነበር ካላስረዳህ በስተቀር። በ2005 የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ፣ ቁጥር 799፣ ደግሞ ያለዚህ መድን መንገድ ላይ መውጣትን ይከለክላል። ኢንሹራንስ በሌለው መኪና የተጎዳውን ሰው ለዚሁ የተቋቋመው የመድን ፈንድ ይክሰዋል። ያ ማለት ግን አንተ ነፃ ወጣህ ማለት አይደለም፤ ፈንዱ የከፈለውን ይዞ ወደ አንተ ይዞራል። ዕዳ ከሜዳ የሚሉት ይኼን ነው።

ስለዚህ መኪናዋን ተዋት፤ ወረቀቱ ይቅደም። ኢንሹራንሱን እዚሁ ደባርቅ ካገኘኸው እሰየው፤ ካላገኘኸው ሊብሬህን፣ መንጃ ፈቃድህንና አሮጌውን ውል ይዘህ በአውቶቡስ ጎንደር ውረድ። በመጀመሪያ ሦስተኛ ወገኑን ግዛ፤ ያለ እሱ ቦሎ አይሰጥህም። ስቲከሩን ተቀበልና ስትመለስ መስታወቱ ላይ ለጥፈው። አሁን ያለው ፀሐይ አጥቦት ቁጥሩ አይነበብም፤ ትራፊክ ፖሊሱ ገና ከሩቅ ሲያየው ፊሽካውን ይነፋል።

ሙሉ ኢንሹራንስ ላይ ስትደርስ ነገሩ ይረዝማል። ውልህ ከተቋረጠ በኋላ ለኩባንያው እንደ አዲስ ሰው ነህና መኪናዋን ማየት ይፈልጋል፤ ባለሙያ ይልካል ወይም ፎቶ ይጠይቃል። የተሰነጠቀው መብራትና የተጣመመው ፓራውልት ይመዘገባል። አትቀየም፣ ይኼ ላንተም ይጠቅማል፤ ኋላ «ይኼ አሮጌ ጉዳት ነው» የሚል ክርክር አይነሳም። ካሳ ሳትጠይቅ በቆየህባቸው ዓመታት ያገኘኸው ቅናሽም በመቋረጡ ሊወድቅ ይችላል። አሮጌውን ውል ያዝ ያልኩህ ለዚህ ነው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ቅናሹ ይመለስልኝ ብለህ ጠይቅ፤ እንቢ ካሉህ ሌላ ኩባንያ ጠይቅ፣ ገበያው ሰፊ ነው።

«ለምን ተቋረጠ?» ብለው ሲጠይቁህ እውነቱን ተናገር። መኪናዋ ቆማ ነበር በል፤ በመሐል አንድ ቀንም ቢሆን ወጥታ ከተጋጨች እሱንም ጨምር። አንዳንድ ደላላ «ዝም በል፣ ማን ያውቃል» ይልሃል። በ1952ቱ የንግድ ሕግ አውቆ የደበቀ ወይም የዋሸ ሰው ውሉ ይፈርስበታል፤ ያውም የሚፈርሰው አደጋ ደርሶ ካሳ ስትጠይቅ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የዋጋው ነገር ነው። አሮጌው ውልህ ላይ የተጻፈው ዋጋ የዱሮ ነው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ ጎማ ስትገዛ አይተኸዋል። እንበልና መኪናዋ ዛሬ 4 ሚሊዮን ብር ታወጣለች፣ አንተ አረቦን እንዲቀንስልህ 2 ሚሊዮን ብለህ አስመዘገብክ። የ400,000 ብር ጉዳት ቢደርስብህ ኩባንያው የሚያስበው በግማሹ ነውና 200,000 ይሰጥሃል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች። ደግሞ በተለመደው ሙሉ ኢንሹራንስ ውስጥ ጦርነትና ሁከት ያደረሰው ጉዳት እንደማይካተት እወቅ፤ እሱ ኩባንያው ከተስማማ ለብቻው ተከፍሎበት የሚጨመር ነው። በዚህ በእኛ አገር ስለ እሱ ሳይጠይቁ መፈረም፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

የሽምግልናውን ነገር ላንሳ፤ እኔም የምቀመጥበት ስለሆነ። አደጋ ሲደርስ እርቁን እንዳትተው። ቤተሰቡን ማስተዛዘን፣ ደም ማድረቅ የአገር ወግ ነው፤ ሊማሊሞ ላይ ቀኑን ሙሉ የምትመላለስ ሹፌር ያለ ሰው ፍቅር አትኖርም። ነገር ግን ሽማግሌ ፊት ተቀምጠህ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይህን ያህል እከፍላለሁ» ብለህ ከኩባንያው ፈቃድ በፊት እንዳትፈርም። ኩባንያው ያልተስማማበትን ገንዘብ አልከፍልም ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ በሬህን ነው የምትሸጠው። አደጋውን በቶሎ አስታውቅ፣ የፖሊስ ሪፖርቱን ያዝ፣ ገንዘቡን በጽሑፍ ጠይቃቸው። እኛም ሽማግሌዎቹ አንዳንዴ ቸኩለን ሰውን በቃሉ እናስረዋለን፤ መታረም ያለበት ነው።

ሦስተኛ ወገኑም ጣሪያ እንዳለው አትርሳ። አዋጁ ሲወጣ ለሞት 40,000 ብር፣ ለንብረት 100,000 ብር ነበር። የዛሬውን ልክ የኢንሹራንስ ቢሮው ይንገርህ፤ ከጣሪያው በላይ ያለው ግን ምንጊዜም ያንተ ነው።

ስትፈርም ቀኑን አስተውል። ብዙው ውል በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው። «ጁን 10 ያበቃል» የሚለውን ሰኔ 10 ብሎ የያዘ ሰው፣ ጁን 10 ሰኔ 3 ነውና፣ ሳምንት ሙሉ ያለ መድን ይነዳል፤ የተቋረጠበትም መሆኑን አያውቅም። የሚያበቃበትን ቀን በእኛ አስቆጥረህ ሊብሬው ሽፋን ላይ ጻፈው፤ ለሹፌርህም ንገረው።

አውቶቡሱ በማለዳ ነው የሚነሳው፣ እንዳያመልጥህ። የመኪናዋን ቁልፍ እኔ ዘንድ አስቀምጠህ ሂድ።