አውቶቡሱ ይሂድ፣ እግርህን አሳይ

አንድ እግርህ ብቻ በድንገት ካበጠ፣ በዚያ ላይ ቴስቶስትሮን ወይም ሌላ የጡንቻ መርፌ የምትወጋ ከሆነ፣ በአሽቀሎን ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ቲኬት ይዘህ ቆመህም ቢሆን አውቶቡሱ ይሂድ። ሥራም ጂምም ለዛሬ ይቅር። በቀጥታ ወደ ባርዚላይ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ወንድሜ፣ ይህን ቃል መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ አልፈለግሁም፤ የቀረውን ሳታነብ ብትነሳ እንኳ ይኼ ይበቃሃል።

ስለ ጣቢያው የማነሳው በምክንያት ነው። ወደ ቤርሼባና ወደ ቴል አቪቭ የሚመላለሱት ልጆቻችን የሚገናኙት እዚያ ነው። የስፖርት ቦርሳ ያንጠለጠለ፣ የወታደር ልብስ የለበሰ፣ የሌሊት ጥበቃ ፈረቃውን ጨርሶ የሚመለስ፣ ሁሉም እዚያ ይጠብቃል። ከዚያ አውቶቡሱ ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ይላል፣ እግሩን አጥፎ ይተኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገው ጥናት እንደሚያሳየው 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ በእጥፍ ያህል ያሳድጋል። ነገሩ የአውሮፕላን ብቻ አይደለም፤ አውቶቡስም፣ ባቡርም፣ መኪናም ያው ነው። ለጤነኛ ሰው አደጋው ከመነሻው ትንሽ ስለሆነ እጥፉም ትንሽ ነው። ኢላት ድረስ የሚወርደው ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚበርረው ሰው ደሙ አስቀድሞ የወፈረ ከሆነ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

ደሙን የሚያወፍረው ምንድን ነው? ቴስቶስትሮን ጡንቻን ብቻ አያሳድግም። መቅኒን ቀስቅሶ ቀይ የደም ሴል በላይ በላዩ ያስመርታል። እንደ አጥሚት ቀጥኖ መፍሰስ የነበረበት ደም ወደ ገንፎ ይጠጋል። በደም ውስጥ የቀይ ሴል ድርሻ የሚለካው ሄማቶክሪት በሚባል ምርመራ ነው፤ በጤነኛ ወንድ ከ40 እስከ 50 በመቶ አካባቢ ነው። ቴስቶስትሮንን ለሕክምና የሚያዝዙ ሐኪሞች ይህ ቁጥር ከ54 በመቶ ሲያልፍ መድኃኒቱን ያቆማሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2014 ሁሉም የቴስቶስትሮን ምርቶች ስለ ደም መርጋት ማስጠንቀቂያ እንዲይዙ አዝዟል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረገው ሆርሞኑ ለጎደለው ታካሚ በሳምንት 75 ወይም 100 ሚሊግራም ያህል ሲሰጥ ነው። ጂም ውስጥ 500ና ከዚያ በላይ መውጋት የተለመደ ሆኗል፤ ያውም ደሙን የሚለካለት ሰው ሳይኖር።

ደም የሚያወፍረው ቴስቶስትሮን ብቻ አይደለም። ሯጮችን የሚያታልለው ኢፒኦም ሆርሞን ነው፤ ሥራውም ቀይ ሴልን ማብዛት ነው። የብስክሌት ውድድር አስተዳዳሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ሄማቶክሪቱ ከ50 በመቶ ያለፈ ወንድ እንዳይወዳደር የወሰኑት አንዱ ምክንያት የጋላቢዎቹ ደኅንነት ነበር። ጣሊያናዊው ማርኮ ፓንታኒ እ.ኤ.አ. በ1999 የጣሊያንን ዙር እየመራ ሳለ 52 በመቶ ተገኝቶበት ከውድድሩ ወጥቷል። የእኛም ቤት ከዚህ አላመለጠም። በ3000 ሜትር መሰናክል ኢትዮጵያን የወከለችው ዘርፌ ወንድምአገኝ ቴስቶስትሮንና ኢፒኦ ተገኝቶባት ለ5 ዓመት ታግዳለች። እገዳው በጋዜጣ ይነገራል፤ የወፈረ ደም ይዞ ሌሊቱን ስለሚያድር ልጅ ግን የሚያወራ የለም።

አሁን ወደ እግርህ። የረጋ ደም አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው የአንዱን እግር ጥልቅ የደም ሥር ነው። ባትህ ይወጠራል፣ ይሞቃል፣ ይቀላል ወይም ይጠቁራል፤ ስትረግጥ ጡንቻ የተሸማቀቀ ይመስልሃል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ክብደት የሚያነሳ ሰው ሕመም ስለለመደ «ትናንት እግር ሠርቼ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የልብስ ሰፊ ሜትር ካለህ ሁለቱን ባትህን በአንድ ከፍታ ላይ ለካ። ልዩነቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ሐኪሞችም እንደ ትልቅ ምልክት ይቆጥሩታል። ሜትር ከሌለህ፣ ወይም ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ ሕመሙ ከቀጠለ፣ ያው ሂድ። መርፌ የወጋህበት ጭን አብጦ፣ ቀልቶ፣ ትኩሳት ከመጣም ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ለነገ አታሳድረው።

ሁለቱም እግሮች ቀስ እያሉ ካበጡ መንገዱ ሌላ ነው። ሆርሞኖቹ ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ ይይዛሉ፤ የእድገት ሆርሞንም እንዲሁ። ነገር ግን «ውሃ ነው» ብለህ አትተወው። ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ (ቴስቶስትሮንና መሰሎቹን) በወሰዱ ጡንቻ ገንቢዎች ላይ ኩላሊት ጠባሳ እየያዘ ፕሮቲን በሽንት ሲፈስ ታይቷል፤ ሽንትህ አረፋ ከበዛበት አስመርምር። ልብም ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 140 ክብደት አንሺዎችን መርምሮ፣ ስቴሮይድ የሚወስዱት ልብ ደም የመግፋት አቅም በአማካይ 52 በመቶ፣ የማይወስዱት ግን 63 በመቶ ሆኖ አግኝቷል። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ እያጠረህ እግርህ ካበጠ፣ ስለ ጡንቻህ ማሰብ ትተህ ስለ ልብህ አስብ።

እባክህን ደግሞ እነዚህን አታድርግ። ያበጠውን እግር ወጌሻ ጋ ወስደህ በቅቤ አታሳሽ። ወጌሻ ለወለምታና ለውልቃት ሲረዳን ኖሯል፤ የረጋ ደም ያለበትን ባት ማሸት ግን የረጋውን ደም ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። እብጠቱን ለማጥፋት ላሲክስ ወይም ሌላ የሽንት መድኃኒት በራስህ አትዋጥ፤ ውሃውን ከሰውነትህ ሲያወጣ ደምህን ጭራሽ ያወፍረዋል። ላብ በሚያስጨርሰው የአሽቀሎን የበጋ ሙቀት ውስጥ ይህን ማድረግ ከባድ ድፍረት ነው። አስፕሪን ውጬ እጠብቃለሁ አትበል። ዓርብ ማታ ቢጀምርህ ሰንበት እስኪወጣ አትቆይ። የኩፓት ሆሊም ክሊኒኩ ቢዘጋም፣ አውቶቡስ ባይኖርም ድንገተኛ ክፍሉ ክፍት ነው፤ ነፍስ ማዳን ሰንበትን እንደሚሽር ሃይማኖት አጥባቂ ወላጆችህም ያውቃሉ።

ከእግር የተነቀለ የረጋ ደም ሳንባ ሲደርስ ትንፋሽ በድንገት ያጥራል፣ አየር ስትስብ ደረት ይወጋል፣ ልብ ይሮጣል፣ አንዳንዴ ደም ያስስላል፣ ሰው ራሱን ይስታል። ከነዚህ አንዱ ከመጣ ታክሲ አትፈልግ። ባለህበት ተቀመጥና እስራኤል ውስጥ ከሆንክ 101 ደውል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆንክ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ያልዳነ ቁስል እንዳለ አውቃለሁ። በ101 የሚመጣው አምቡላንስ የእስራኤል የድንገተኛ ሕክምናና የደም ባንክ ድርጅት የሆነው የማጌን ዳቪድ አዶም ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ይኸው ድርጅት ከእኛ ከኢትዮጵያ ከመጣነው የሚቀበለውን ደም ለዓመታት በድብቅ ሲጥል መኖሩን ጋዜጣ አጋለጠ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንም ኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጡ። የዚያን ቀን የተሰለፉት አባቶችና እናቶች ዛሬ አሽቀሎን ጣቢያ አጠገብህ ተቀምጠው አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ቁጣው ትክክል ነበር፤ አሁንም ትክክል ነው። ግን ያ ቁጣ ልጃችን ትንፋሽ እያጠረው ስልኩን እንዳያነሳ ማድረግ የለበትም። በዚያው ዓመት የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ ሐኪሙ የነገርከውን ለአሰልጣኝህ፣ ለአሠሪህ፣ ለእናትህ እንዳያወራ ያስገድደዋል። በዚህ መብት ተጠቀም።

ስለዚህ ድንገተኛ ክፍል ስትገባ እውነቱን ተናገር። ምን እንደምትወጋ፣ ስንት እንደምትወጋ፣ የመጨረሻውን መቼ እንደወጋህ ንገራቸው። ከቻልክ ጠርሙሱን ይዘህ ሂድ። ካልነገርካቸው ጤነኛና ጠንካራ ወጣት ያዩና ጡንቻ ነው ብለው ሊመልሱህ ይችላሉ። ከነገርካቸው የደም ምርመራና የእግር አልትራሳውንድ ያዝዛሉ፤ አልትራሳውንዱ አያምም፣ ብዙ ጊዜም አይወስድም። የረጋ ደም ከተገኘ ደም የሚያቀጥን ኪኒን ወይም መርፌ ቢያንስ ለ3 ወር ትወስዳለህ፤ ቶሎ ለደረሰ ሰው ሕክምናው በደንብ ይሠራል። ዕብራይስጥ አንተን ወይም አብረውህ ያሉትን ወላጆችህን የሚከብድ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቅ።

ከዚያ በኋላ መርፌውን ተው። ደንማርክ ውስጥ በጂም ምርመራ ስቴሮይድ የተገኘባቸውን 1,189 ወንዶች ለ11 ዓመት ያህል የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ ከእኩዮቻቸው ይልቅ በደም ሥር ውስጥ የደም መርጋት 2.4 እጥፍ፣ የልብ ጡንቻ በሽታ ደግሞ 9 እጥፍ ያህል በዝቶባቸው አግኝተዋል። መተውም ብቻህን አይሁን። የራስህ ሆርሞን ለጊዜው ሊጠፋ፣ ከባድ ድብርት ሊመጣ ይችላል፤ የሆርሞን ሐኪም እንዲያይህ ከቤተሰብ ሐኪምህ ሪፈራል ጠይቅ።

እናቶች፣ ልጃችሁ በጥቂት ወራት ውስጥ ፊቱ ካበጠ፣ ጀርባው በብጉር ከተሞላ፣ ቁጣው ከበዛ «ጂም ጎበዝ ሆነ» ብቻ አትበሉ። ስድብና ልመና ወደ ድብቅነት ይገፋዋል። እግሩን ተመልከቱ፣ ሱሪው ለምን እንደጠበበው በፍቅር ጠይቁ።

አንተስ፣ ለልጆቹ ጠርሙሱን የምትሸጠው፣ መውጋት የምታስተምረው? እግሩ አብጦ ሲደውልልህ «ያልፋል፣ ውሃ ጠጣ» አትበለው። ተነስ፣ አብረኸው ድንገተኛ ክፍል ግባ፤ ምን እንደሰጠኸው እሱ ሲያፍር አንተ ለሐኪሙ ተናገርለት።