ከፎቶግራፉ ዳር የቆመችው

የቤተሰቤን አሮጌ ፎቶግራፎች በስካነር እያነሳሁ ኮምፒዩተር ውስጥ አስገባሁ። የዘር ሐረግ ፕሮግራሞች የሚግባቡበት፣ በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው ጄድኮም ቤተሰብን በባል፣ በሚስትና በልጅ ያዋቅራል። ሰባት ቤት ለሚቆጥር ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ከአንዱ ፎቶግራፍ ዳር ግን ሕፃኑን አባቴን ያዘለች ሴት ቆማለች። «ሠራተኛችን ነበረች» አሉኝ አያቴ፤ የአባቷን ስም አያውቁም። አባቴን ያሳደገችው ግን እሷ ናት።

የት ልመዝግባት? «ማስታወሻ» የሚል ሣጥን አለ፤ እዚያ መጻፉ ዳግመኛ ወደ ጓዳ መመለስ መሰለኝ። ለመሆኑ ዘመድ የሚያደርገው ደም ብቻ ከሆነ፣ አበው ስለምን የጡት ልጅ የሚል ዝምድና አቆሙ?

ማሽኑን አልወቅስም፤ ሳንጠይቃት የኖርነው እኛ ነን። በአሳዳጊ እናትነት አስገባኋት። የአባቷ ስም ቦታ ባዶ ነው፤ ዕዳችን ነውና ይታይ።